ወፍ ያልነካት ልጅ

መጀመሪያ የታየው ቢጫነት ነው። ልጄ ማስተዋል ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ተቀብያት ቦርሳዋን ሳወርድላት ፀሐዩ ፊቷ ላይ ወደቀ። የዓይኗ ነጩ ክፍል የበሰለ ሎሚ መስሏል። ደክሞኛል ብላ ምሳዋን ሳትበላ ተኛች። ማታ እናቷ ሽንቷን አየችና ጠራችኝ። እንደ ጥቁር ሻይ ጠቁሯል።

በፍኖተ ሰላም ከተማ ጋዜጠኛ ሆኜ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። ሐኪም አይደለሁም። እዚህ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና ሐኪሞች የነገሩኝን ብቻ ነው። የምጽፈውም የልጃቸው ዓይን ቢጫ ሆኖ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ለሚንከራተቱ ወላጆች ነው። እኛም ከዓመት በላይ ተንከራተናል።

በእኛ አካባቢ ቢጫ ዓይን አንድ ስም ብቻ አለው፤ የወፍ በሽታ ይባላል። የሌሊት ወፍ በላዩ የበረረችበት ሰው ቢጫ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። ሐኪም ቤት ሄዶ መርፌ የተወጋ እንደሆነ ይሞታል ስለሚባልም፣ በሽተኛው መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ነው። ባለቤቴ የኔዓለም አስተማሪ ናት። ሐኪም ቤት እንሂድ አለች። ጎረቤቶቻችን ግን በሩን ሞልተው ቆሙ። ልጅቱን ልትገድሏት ነወይ አሉን። ከብዙ ክርክር በኋላ ከቡሬ ወጣ ብሎ ወዳለ ቀበሌ፣ ወደ አንድ የታወቁ መድኃኒተኛ ወሰድናት።

ሰውዬው ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። የማስተዋልን ዓይን ገለጥ አድርገው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋዜጠኛ ነህ አሉኝ። እንግዲህ የዛሬውን ዜና እኔ ልንገርህ፤ ወፍ ነው።»

ሥር ወቅጠው በማር ለውሰው ሰጡን። ቅባት እንዳትቀምስ፣ መድኃኒቱን በወሰደች ቀን እስከ ማታ ውኃ እንዳትጠጣ አዘዙ። በሳምንቱ ዓይኗ ጠራ። ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው፤ የመድኃኒተኛውም ስም ገነነ። ይህን ነጥብ ወላጆች በደንብ እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። የልጄ በሽታ በራሱ ጊዜ የሚነሣ፣ በራሱ ጊዜ ጋብ የሚል ነው። ጋብ በሚልበት ሳምንት የተወሰደ ነገር ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። በዚያ ቀን ከተደረገላት ሁሉ እርግጠኛ ጉዳት የነበረው የውኃ ክልከላው እንደሆነ የተረዳነው በኋላ ነው።

ቢጫው ከወራት በኋላ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ እግሯንም ያማት ጀመር። ስትሮጥ ከዋለች ማታ ጉልበቷን አቅፋ ታለቅሳለች። ድሮም አልፎ አልፎ ይህ ነበረባት፤ የእድገት ነው እያልን አሳልፈነዋል። አሁን የኔዓለም ማንንም አልሰማችም። ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። በዕለቱ አባቴ ለጉዳያቸው ከፈረስ ቤት መጥተው ስለነበር አብረውን ገቡ።

ክሊኒኩ ውስጥ የነበረው ወጣት ጤና መኮንን ጠንቃቃ ሰው ነበር። የወባ ምርመራ አደረገ፤ የለም። የጉበት ቫይረስ መረመረ፤ የለም። ሄሞግሎቢኗ ግን ከሚገባው በጣም ዝቅ ብሏል። ወፍ የሚባለው ነገር አይደለም፣ ቀይ የደም ሕዋሷ እየፈረሰ ይመስለኛል አለን። ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ ከቤተሰቡ ውስጥ ከቆላ አገር የመጣ ሰው እንዳለ ጠየቀ። የኔዓለም የአባቷ ወገን ከቡሬ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ እንደሆነ ነገረችው። ይህን ማንም ደብቆት አያውቅም። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ።

እኔ አፌን ሳልከፍት አባቴ መለሱ። «እኛ የደጋ ዳሞት ሰዎች ነን። ለጋብቻቸው እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሯል። ከቆላ የሚገናኝ የለንም።»

ለማያውቀው አንባቢ ልንገር። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለቱንም ወገን ዘር እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራሉ። ሥጋ ዘመድ እንዳይጋባ የተበጀ ሥርዓት ነው። የተቆጠረ ዘር ደግሞ የታመነ ዘር ነው። አባቴ እንደዚያ ሲሉ እኔም አልተጠራጠርሁም።

ጤና መኮንኑ ራሱን ነቀነቀ። የጠረጠረው በሽታ በብዛት የሚገኘው ወባ ከሚበዛበት ቆላ በመጣ ዘር ውስጥ እንደሆነ፣ የሚይዘውም ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ እንደሆነ፣ ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ልጁ ተሸካሚ ቢሆን እንጂ እንዲህ እንደማይታመም አስረዳን። ጥርጣሬውን ተወው። የደም ማነስ ነው ብሎ የአይረን ኪኒን አዘዘላትና ከተደገመ ወደ ሆስፒታል እንድንሄድ መከረን። ኪኒኑን ወራት ሙሉ ዋጠች። ምንም አልለወጠላትም።

ከዚያ የወንድሜ ሠርግ ደረሰ።

ፈረስ ቤት ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት። ማስተዋል ከልጆች ጋር ስትሮጥና ስትጨፍር ዋለች። ውኃ አልጠጣችም። ሲመሽ ከዳሱ ውጪ በስስ ቀሚስ ቆማ ስታጨበጭብ አይቻታለሁ።

ጠዋት ከአልጋ አልተነሣችም። ግራ ጎኗን ይዛለች። ከንፈሯ ነጥቷል። እጄን ሆዷ ላይ አሳረፍሁ። ከጎድን አጥንቷ በታች ጠንካራ ነገር ነካሁ። ጡጫ ያህላል። ትናንት አልነበረም። ስሟን ጠራሁ። ዓይኗን ገለጠች፤ መልሳ ጨፈነች። ልቧ እንደ ተባረረ ወፍ ይመታል።

ደጅ የቆመው መኪና ሙሽራዋን ያመጣው ሚኒባስ ብቻ ነበር። በዚያው ተጫንን። አባቴ ፊት ተቀመጡ። ሁለት ሚዜዎች ከነሱፋቸው ኋላ ገቡ። መኪናው ላይ ፊኛና ሪባን እንደታሰረ ነው። መንገድ ላይ ያገኘናቸው ሴቶች ሠርገኛ መስለናቸው እልል አሉልን። የኔዓለም የልጇን ጭንቅላት አቅፋ አንገቷን አላነሣችም።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስንደርስ ሄሞግሎቢኗ ሦስት ነጥብ አራት ነበር። ከአሥራ አንድ በላይ ሊሆን ይገባው ነበር። ተረኛዋ ዶክተር ሆዷን ዳሰሰች። ከዚያ ለእኛ በአጭሩ ነገረችን።

«ደሟ የትም አልፈሰሰም። ጣፊያዋ ውስጥ ታግቷል።»

ደም ያስፈልጋል አለች። ሆስፒታሉ ያለውን አወጣ። ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። አንዱ መርፌውን አይቶ ፊቱን ሲያዞር ሌላው፣ ትናንት ማታ ስትፎክር የነበርኸው አንተ አይደለህም ወይ ብሎ ሰደበው። በዚያች ሰዓት የሳቀ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ዶክተሯ ግን ደሙን ወዲያው አልሰቀለችም። እኔን፣ የኔዓለምንና አባቴን ለብቻ ወሰደችን። በማይክሮስኮፕ ማጭድ የመሰሉ ጥቂት ሕዋሳት አይታለች። ነገር ግን ማረጋገጫው ሄሞግሎቢን ኤሌክትሮፎረሲስ የሚባል ምርመራ ነው፤ ናሙናው ባሕር ዳር ደርሶ መመለስ አለበት። ልጅቱ ያን ያህል ጊዜ የላትም። በሽታው ሲክል ሴል የሚባለው፣ ሕዋሱን እንደ ማጭድ የሚያጥፈው ከሆነ ደሙ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚሰጠው፤ ምክንያቱም ጣፊያው ያገተውን ደም ድንገት ሲለቅ የተሰጣት ተጨምሮ ደሟ ይወፍራል፤ ሳንባና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ሌላ ዓይነት የደም መፍረስ ከሆነ ግን መድኃኒቱም አሰጣጡም ይለያል። ሁሉንም በእርጋታ አስረዳችንና ያንኑ የክሊኒኩን ጥያቄ ጠየቀች። የእናቷን ወገን ሰምታለች። ከአባቷ ወገንስ?

እኔ የማውቀውን ነገርኋት። ሰባት ቤት ተቆጥሯል፣ የለም አልሁ።

አባቴ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።  እኔ እንደማውቃቸው፣ አንድ ነገር ሲናገሩ ዙሪያውን ዞረው፣ በምሳሌ ጠቅልለው ነው። ያን ቀን አልዞሩም።

«ዶክተር፣ የእኔ እናት የቆላ ልጅ ናት። ከዓባይ ማዶ በልጅነቷ መጥታ ደጋ ያደገች ናት። ዘር ሲቆጠር ባሳደጋት ሰው ስም ነው የተቆጠረች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እኔ የሸሸግሁት እናቴን ነው።»

አያቴን በስም እንጂ በመልክ አላውቃትም። ቆላ መወለድ በእኛ ደጋ ምን ተብሎ እንደሚሰደብ፣ ለልጅ ልጅ ጋብቻ እንዴት እንቅፋት እንደሚሆን ግን አውቃለሁ። አባቴ ያን ስድብ ከእኛ ላይ ሲከላከሉ ነው የኖሩት። እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያዙት።

ዶክተሯ እጃቸውን ያዘች። «አባቴ፣ አሁን የነገሩኝ ከላብራቶሪ ቀድሞ ደረሰ» አለቻቸው። ሄደችም። ደሙ በትንሽ መጠን፣ ቀስ ብሎ እንዲሰጥ አዘዘች። ኦክስጅን፣ ፈሳሽ፣ የሕመም ማስታገሻ ተሰጣት። ሆዷን ደጋግማ ትዳስሳለች። ሄሞግሎቢኗን ደጋግማ ትለካለች።

በማግስቱ ጣፊያው መለስ አለ። የታገተው ደም ተመልሶ መዞር ጀመረ። ሄሞግሎቢኗ ከተሰጣት ደም በላይ ወጣ። ዶክተሯ ቁጥሩን አሳየችን፤ ያን ሁሉ ደም በአንዴ ሰጥተናት ቢሆን ኖሮ ያኔ ነበር አደጋው አለችን። ማስተዋል ዓይኗን ገልጣ ሚዜዎቹን አየች። ሠርጉ አላለቀም እንዴ አለች።

ከባሕር ዳር የመጣው ውጤት የአባቴን ቃል አጸና፤ ማስተዋል ከእኔም ከእናቷም አንዳንድ የተበላሸ ዘረ መል ወርሳ ሲክል ሴል አለባት፣ እኔና የኔዓለም ደግሞ ተሸካሚዎች ነን፣ ሳንታመም የምናወርስ። ልጅ በወለድን ቁጥር እንዲህ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ እንደነበረ ዶክተሯ በወረቀት ላይ አራት ክብ ሥላ አስረዳችን።

ካገገመች በኋላ ነው በሽታውን በእርጋታ የተማርነው፤ ለእናንተም በተረዳሁት መጠን ላካፍላችሁ። ጤነኛ ቀይ የደም ሕዋስ ክብ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ በጠባብ ደም ሥር ተጣጥፎ ያልፋል፣ ዕድሜውም አራት ወር ገደማ ነው። የልጄ ሕዋስ ኦክስጅን ሲያጥረው፣ ሲበርደው፣ ውኃ ሲጠማው ወይም ትኩሳት ሲይዛት እንደ ማጭድ ይታጠፍና ይደርቃል፤ ደም ሥር ውስጥ ይሰነቀራል፣ ሕመሙ የሚመጣው ከዚያ ነው። የታጠፈ ሕዋስ ደግሞ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ይፈርሳል። ሲፈርስ ከውስጡ የሚወጣው ነገር ወደ ቢሊሩቢን ይለወጣል፤ ጉበት ሊያጣራው ከሚችለው በላይ ሲሆን ዓይን ላይ ይታያል። ከዓመት በላይ ወፍ ስንለው የኖርነው ይህ ነው። መቅኔ የፈረሰውን ለመተካት ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ለዚህ ሥራው ፎሊክ አሲድ ስለሚያስፈልገው በየቀኑ ትወስዳለች። አይረኑ ግን ሲጀመር አልጎደለባትም ነበር፤ ሕዋሱ ሲፈርስ አይረኑ ሰውነት ውስጥ ስለሚቀር፣ ሳይለካ አይረን መስጠት እንደማይገባ ተነገረን።

ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለውን መድኃኒት ስትጀምር ለውጡ በወራት ውስጥ ታየ። ሕመሙ ራቀ፣ የዓይኗ ቢጫነት ቀነሰ፣ ክብደት ጨመረች። መድኃኒቱ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ከባሕር ዳር እስኪመጣ የኔዓለም እንቅልፍ አልነበራትም። የደም ቆጠራዋ በየጊዜው ይታያል። ክትባቷን ጨርሳለች፣ አጎበር ውስጥ ትተኛለች፣ ትኩሳት ከያዛት ነገ እንይ ሳንል በዚያው ዕለት ሆስፒታል እንሄዳለን። ዶክተሯ የኔዓለምን ጣፊያ መዳሰስ አስተማረቻት። ከግራ ጎድን በታች፣ በጣት ጫፍ፣ ልጅቱ በጀርባዋ ተኝታ። ማስተዋል እየኮረኮረሽኝ ነው እያለች እስክትስቅ ድረስ እናቷ ይህን እንደ ጸሎት ማታ ማታ ታደርገው ነበር።

የነፍስ አባታችንም ረዱን። ጾሙ እንዴት ይሁን ብለን ስንጠይቃቸው፣ ለታመመ ሰው ውኃ መከልከል የትም አልተጻፈም አሉን። ጠበሉንም በንጋት ብርድ ከምንጩ ሥር ከመቆም ይልቅ ቤት ወስዳ በጽዋ ትጠጣ ብለው ፈቀዱ። ማስተዋል ከዚያ ወዲህ የውኃ ኮዳዋን ሳትይዝ ከቤት አትወጣም። ጓደኞቿ ግመሏ እያሉ ይቀልዱባታል። ግመልማ ሳትጠጣ ነው የምትሄደው፣ ደግማችሁ ተማሩ ትላቸዋለች።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ሌላው መዘዝ መጣ። ለብዙ ዓመት የተጠራቀመው ቢሊሩቢን በሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ጠጠር ሠርቶ ነበር። ቅባት በበላች ቁጥር ቀኝ ጎኗን ያማታል። በዚህ ጊዜ ግን አልተንከራተትንም፤ የሚጠብቀንን አስቀድመን እናውቅ ስለነበር በአልትራሳውንድ ታየ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደም ተሰጣት፣ ባሕር ዳር ከረጢቱ ወጣላት። ሐኪሙ ጠጠሮቹን በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ አሳያት፤ ጥቃቅንና ጥቁር ነበሩ። ካልተለቀመ ጤፍ ውስጥ የሚገኘውን ይመስላል ብላ ሐኪሙን አሳቀችው።

አባቴ ደግሞ የራሳቸውን ሥራ ሠሩ። ልጅቱ ከሆስፒታል በወጣች በመጀመሪያው እሑድ፣ ፈረስ ቤት በሰንበቴው ላይ ቆመው የእናታቸውን አገር ለተሰበሰበው ሁሉ ተናገሩ።  አንድ የዕድሜ እኩያቸው፣ በስተርጅና ዘር ለወጥህ እንዴ አላቸው።

«አልለወጥሁም» አሉ አባቴ። «ያኔ ያላለቀውን ቆጠራ ጨረስሁ።»

ሳቁም ጉርምርምታውም መጣ፤ ሁለቱንም ቻሉት። ከዚያ በኋላ ዘመዶቻችን አንድ በአንድ መጡ። ከእነሱ መካከል የአክስቴ ልጅ ሕፃኗን ታቅፋ መጣች፤ የሕፃኗ እጅና እግር በየጊዜው ሲያብጥ ቡዳ ነው ተብላ ስትዞር ነበር። ተመረመረች፤ ያው በሽታ ነው። በአንድ ዓመቷ ሕክምና ጀመረች። ማስተዋል ያሳለፈችውን የሠርግ ማግስት ያቺ ልጅ አላሳለፈችውም፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። አባቴ ያረፉት ይህን አይተው ነው። በቀብራቸው ላይ ስለ መሬታቸውም ስለ በሬያቸውም ብዙ ተወራ፤ የአክስቴ ልጅ ግን የልጇን እጅ ይዛ ከሬሳው ሳጥን አጠገብ እስከ መጨረሻው ቆማ ነበር።

ይህን ለምታነቡ ወላጆች የምለው ብዙ አይደለም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ልጅ ደሙ ይመርመር። ቢጫው ጠፍቶ ከተመለሰ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ የአጥንት ሕመም ካለው፣ ደም ማነስ ነው በሚል ቃል ብቻ አትመለሱ፤ ደሙ ለምን አነሰ ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪም ስለ ዘራችሁ ሲጠይቅ ሊሰድባችሁ አይደለም፤ ያላችሁን ሁሉ ንገሩት፣ የምታፍሩበትን አስቀድማችሁ ንገሩት። ወጣቶች ተሸካሚ መሆን አለመሆናቸውን ለማወቅ ከመጋባታቸው በፊት መመርመር ይችላሉ። በሽታው ከተገኘም ዓለም አላለቀችም። ውኃ፣ ሙቀት፣ መድኃኒት በሰዓቱ፣ ለትኩሳት ፈጥኖ መሄድ፤ ይህ ቀላል ነገር ነው፣ ግን አንድ ቀንም ዕረፍት የለውም። ምስጋናዬ ለዚያች ዶክተር፣ ለጤና መኮንኑም ጭምር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስማቸውን ለማላውቃቸው ደም ለጋሾች ነው። ልጄ የምትኖረው በሰው ደም ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ማስተዋል ዛሬ ቡሬ በሚገኘው ካምፓስ ተማሪ ናት። በቅርቡ እዚያ የደም ልገሳ ተዘጋጅቶ ለዘገባ ሄጄ ነበር። አዘጋጁ የተማሪዎች ክበብ መሆኑን አውቅ ነበር እንጂ፣ እሷ እንዳለችበት አልነገረችኝም። ድንኳኑ አጠገብ ድምፅ ማጉያ ይዛ አገኘኋት። እሷ መለገስ አትችልም፤ ሌላውን ግን አላስቆም አላስቀምጥ ብላለች። ዳር ቆመው የሚያመነቱትን ወንዶች አንድ በአንድ ትጠራለች።

«መርፌ የፈራ ወንድ ከዛሬ ጀምሮ ሠርግ ቤት ገብቶ አይፎክርም! እኔ እንደሆንሁ ከእናንተ ሁሉ በላይ ተወግቻለሁ፤ ኑ ላስቆጥራችሁ።»

ሳቁ፣ ተገፋፉ፣ ሰልፉም ረዘመ። እኔ መቅረጫዬን ይዤ ቀረብ አልሁ። በልጅነቷ የሎሚ ቀለም የነበረው ዓይኗ ከሩቅ አየኝ። ትጠራኛለች፣ ታቅፈኛለች ብዬ ስጠብቅ በድምፅ ማጉያው ተናገረች።

«አባዬ፣ ሰልፉን እየዘጋህብኝ ነው፤ እባክህ ወደ ጎን።»

ወደ ጎን ቆምሁ።